ሦስት መቶ የሚሉት ቁጥር

ሰኞ፣ ጁላይ 16 ቀን 1956
ብራንት ፌሪ፣ አዮዋ

ጠዋት፦ ሁለት የልጆች ጓንት፣ አንድ መምቻ፣ አሥራ አንድ ኳስ ተሸጠ። አንድ ጫማ ተመለሰ፤ ያመጣው ሰውዬ ጭቃውን እንኳ አላራገፈም።

ወንድሜ ጉስ፣

እንደምን ከርመሃል? ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ በሳምንት ሁለት ደብዳቤ ስለምትጽፍልኝ ጤናህ መልካም እንደሆነ እገምታለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ልጅህ ሊንደንም ደህና ነው። ከሱቁ ጀርባ ያለውን ክፍል ሰጥቼዋለሁ፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ጨዋታ ሲያልቅ በቀጥታ ይገባል። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርግልኝ። ጁላይ ለስፖርት ዕቃ ነጋዴ መኸር ነው።

የቀላሉን ጥያቄህን ላስቀድም። ወደ ሰማይ ወጥታ እጅ ላይ ዝም ብላ የምትወርድ ኳስ ለምን «የበቆሎ ቆርቆሮ» ተባለች ለሚለው የቤዝቦል መጽሐፍህ ምዕራፍ የአባታችንን ግሮሰሪ ምስክር ልታደርግ እንደፈለግህ ገብቶኛል። ባለ ግሮሰሪው በረጅም ዘንግ ከላይኛው መደርደሪያ ቆርቆሮውን ገፋ ያደርግና በሽርጡ ይቀልበዋል፤ እንደዚያ ቀላል ናት ለማለት ነው። ወሬውን እኔም ሰምቻለሁ። ግን ጉስ፣ አባታችን በቆሎ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ አያውቅም። በየቀኑ የሚሸጥ ዕቃ ማን ይሰቅላል? በቆሎ ከወገብ በታች ነበር። ላይ የሚሰቀለው የማይሸጠው ነው። በመጽሐፍህ የፈለግኸውን ጻፍ፣ የአባታችንን የራትከንን ግሮሰሪ ግን ተወው።

አሁን ወደ እውነተኛው ጥያቄህ። አዎ፣ ባለፈው ሐሙስ ሊንደን የመታትን ኳስ «ስህተት» ብዬ የመዘገብኩት እኔ ነኝ። ኳሷ በቀጥታ ወደ ሦስተኛ ቤዝ ጠባቂው ሄደች፣ ጓንቱ ውስጥ ገባች፣ ተመልሳ ወጣች። ቅድመ አያታችን ብትሆን ትይዛት ነበር። ጠባቂው መያዝ የሚገባውን ሲጥል ለመቺው ምት አይቆጠርለትም፤ ተራው ግን ይቆጠርበታል፣ የምቱ አማካይም በዚያ ይወርዳል። ይህን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ለምን ደግሜ እንደምጽፈው አላውቅም።

አክስት ለወንድሟ ልጅ ቡድን መዝጋቢ መሆን ነውር አይደለም ወይ ላልከው፣ እኔም ብዬ ነበር። በሜይ ልተው ስል የሊጉ ጸሐፊ እምቢ አለኝ። ከእኔ በፊት የነበረው መዝጋቢ ፀጉር አስተካካዩ ነበር፤ እሱ ጋ ፀጉሩን የተቆረጠ ሁሉ በዚያ ሳምንት ጥሩ ይመታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማው ሌላ ሰው አያምንም።

የላይኛው ሊግ ክለብ ለአሠልጣኛችን ለቡርል ታኬት ጻፈ የተባለውም እውነት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ እንደ ሊንደን ካሉት የውስጠኛው ሜዳ ጠባቂዎች «ሦስት መቶ» የመታ፣ ማለት በሺህ ሲሰላ ነው እንጂ ከአሥር ተራ ሦስቱን፣ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ላይኛው ሊግ ያልፋል። ያልመታ «ተመስግኖ» ይሰናበታል። መመስገን ምን እንደሆነ ላንተ አልነግርህም፤ አንተም አንዴ ተመስግነሃል። ሊንደን ዛሬ ጠዋት 291 ላይ ነው።

ለምን አይጽፍልኝም ላልከው፣ እሱን ጠይቀው። ለባለቤትህ ለኮርዴሊያ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

እህትህ ሚና


ሐሙስ፣ ኦገስት 2 ቀን 1956
ብራንት ፌሪ

ጠዋት፦ ዝናብ። አንድ የጫማ ማሰሪያ ብቻ። ለጥገና ከገቡት ሰባት ጓንቶች አምስቱ አልቀዋል።

ወንድሜ ጉስ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል፤ ሦስተኛው ደግሞ ዛሬ ርሶ ገባ። የመጨረሻውን ገጽ ዝናቡ አጥቦታል፤ ከቀረው መስመር እንደገመትኩት ባላነበው ይሻላል።

በ1887 ወርዋሪው አበላሽቶበት በነጻ ወደ አንደኛ ቤዝ የሄደ ሰው ሁሉ ምት እንደመታ ይቆጠርለት ነበር ብለህ አስረዝመህ ጽፈሃል። አምናለሁ። የላቲንና የታሪክ መምህር ነህ፤ ዓመተ ምሕረት አትሳሳትም። ግን እኔ ምን እንዳደርግበት ነው? እነሱ ራሳቸው አማካዩ ሁሉ እንደ ሊጥ ሲነፋባቸው በዓመቱ ትተውታል። እኔ የምሸጠው በዘንድሮ ዋጋ ነው፤ የምመዘግበውም በዘንድሮ ደንብ ነው።

ግራኝ ወርዋሪን «የደቡብ መዳፍ» የሚሉት ድሮ ሜዳ ሲሠራ የከሰዓት ፀሐይ መቺው ዓይን ውስጥ እንዳትገባ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ስላደረጉት ነው፣ ስለዚህ የወርዋሪው ግራ እጅ ደቡብ ላይ ይውላል ብለሃል። ትናንት ኮምፓስ ይዤ ሄጄ አየሁት። የኛ ሜዳ መቺ የሚያየው ወደ ሰሜን ነው፣ ወደ ወንዙ። የኛ ግራኝ እጁ ምሥራቅ ላይ ነው። «የምሥራቅ መዳፍ» ሲሉት ግን ሰምቼ አላውቅም። ቃል አንዴ ከወጣ በኋላ የት እንደተወለደ አይጠየቅም። ይህን ለመጽሐፍህ በነጻ ውሰደው፤ እኔንም በነጻ ልቀቀኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ የጠየቅኸኝን ሁሉ ስለመለስኩልህ። ትናንት ከሰዓት ሊንደን ከጠረጴዛው ማዶ ጓንት እየሰፋ ነበር። በዝናብ ቀን እጁ ሥራ ይፈልጋል። ቀና ሳይል ተናገረ።

«አክስቴ፣ የማክሰኞዋን ኳስ ምት አልሽ አሉ።»

«አልኩ።»

«ስህተት ነበረች እኮ።»

«ወርዋሪው ተወርውሮም አልደረሰባት። ምት ናት።»

«ሌላ ሰው ቢሆን ይደርስባት ነበር።»

«ሌላ ሰው አልነበረማ! የነበረው እሱ ነው።»

«እንደው ትንሽ ብታስቢበት?»

ጉስ፣ በዚች የመዝጋቢ ሳጥን ውስጥ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ። ምት በይልኝ ብሎ ያላለቃቀሰብኝ ተጫዋች የለም። አንዱ ከእናቱ ኬክ አስልኮብኛል። ምቴን ውሰጂብኝ ብሎ የመጣ ልጅህ የመጀመሪያው ነው። ለምን ብዬ ጠየቅኩት። ክሩን በጥርሱ በጠሰና ሌላ ጓንት አነሣ።

አንተ የምታውቀው ካለ ጻፍልኝ። እኔ ግምት አለኝ፤ ግምት ግን አልሸጥም።

ሚና


ቅዳሜ፣ ኦገስት 11 ቀን 1956
ባንጎር፣ ሜይን

እትዬ ሚና፣

ከሁሉ በፊት ይቅርታ። ዝናቡ ያጠበው ገጽ ላይ የነበረውን ደግሜ አልጽፈውም፤ እግዜር ይስጠው ለዝናቡ። ኮርዴሊያ ግልባጩን አይታ «ይህን ለገዛ እህትህ ነው የላክኸው?» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

ስለ ኮምፓሱ አመሰግናለሁ። ምዕራፌን አበላሽተሽብኛል።

ግን ስሚኝ። ስህተትን ለይቶ መጻፍ የጀመሩት በክሪኬት ያደጉ ጋዜጠኞች ናቸው፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መታወቅ አለበት ብለው ነው። ስለዚህ ስህተት ማለት ኃጢአት ማለት ነው። ያልነካ እጅ ደግሞ ኃጢአት የለበትም። አንቺም የምትጽፊው እንደዚያ ነው፤ ሁለት ሰው ቆሞ እያየ መካከላቸው የወደቀች ኳስ ምት ናት ትያለሽ። ታዲያ ለተንሸራተተ፣ ፀሐይ ለጋረደው፣ ኳስ ለነጠረበት ጠባቂ ለምን እንደዚያው አይታሰብም? ደግሞም ደንቡ ሃያ አራት ሰዓት ይሰጥሻል። የጻፍሽውን አድረሽ ልትለውጪ ትችያለሽ። በበጋው አንዴ እንኳ ለውጠሽ ታውቂያለሽ?

እኔ በ298 ነው የቀረሁት። ሁለት ነጥብ ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? በአንድ በጋ ሙሉ አንዲት ኳስ ናት። አንዲት! መዝጋቢው ሲጋራ ሊለኩስ አንገቱን ሲደፋ ያለፈችው ኳስ። ላይኛው ሊግ ገብቶ ሳይቆይ የተመለሰን ተጫዋች «አንድ ሲኒ ቡና ጠጣ» ይሉታል፤ ሲኒዋ እስክታልቅ ብቻ ቆየ ለማለት፣ እንደ ማላገጫ። እኔ ያቺን ሲኒ ከ1927 ጀምሮ በሕልሜ አያታለሁ። ልጄ ይጠጣት። ከዚያ በኋላ የፈለገውን ይሁን።

እሱን ጠይቀው ብለሽኛል። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ምን እንደሚፈልግ በምን ያውቃል? የሚያውቀው አርባ ሲሞላው ነው። ያን ጊዜ ደግሞ «አባባ፣ ለምን አልገፋኸኝም?» ይለኛል። እኔን የገፋኝ አልነበረም።

በእግዚአብሔር፣ እትዬ። አንዲት ኳስ።

ወንድምሽ ጉስ


ዓርብ፣ ኦገስት 24 ቀን 1956
ብራንት ፌሪ

ጠዋት፦ አንድ ፊሽካ ተሸጠ። ለጥገና አራት ጓንት ገባ፤ ሁለቱ ከወንዙ ማዶ፣ ከኢሊኖይ።

ወንድሜ ጉስ፣

ይቅርታህን ተቀብያለሁ። ለኮርዴሊያ፣ የሁለት ቀን ኩርፊያ ይበቃዋል በልልኝ።

ሊንደን ቡና አይጠጣም።

በጋዜጣ ያየኸው «ትልቅ ሩባርብ» እኔን የሚመለከት ነው። ቅዳሜ አንዲት ኳስ ላይ በፈረድኩት ፍርድ የኛው ቡድን የጀልበኞቹና የእንግዳው ቡድን ሰዎች አንገት ለአንገት ተያያዙ። በሜዳ ላይ ጠብ ለምን ሩባርብ እንደሚባል አታስረዳኝ፤ እኔ ሩባርብ የማውቀው ፓይ ውስጥ የሚገባውን ጎምዛዛ ተክል ነው። ጠቡ ሲበርድ ቡርል ታኬት ትንባሆውን እያኘከ ወደ ሳጥኔ ወጣ።

«ወይዘሪት ሚና፣ ልጁ ላይ ጨከኑበት። አንዲት ቢጥሉለት ምን አለበት?»

«ቡርል፣ አሥራ ሁለት ኳስ ከእኔ ስትገዛ በስህተት አሥራ ሦስት ብሰጥህ ትወስዳለህ?»

«እወስዳለሁ እንጂ!»

«አሥራ አንድ ሰጥቼ አሥራ ሁለት ነው ብልህስ?»

«ኧረ ይሄማ ሌብነት ነው።»

«ለሊንደን የጣልኳት ኳስ ከአንድ ወርዋሪ ላይ ነው የምትቆረጠው። የሱም እናት ጋዜጣ ታነባለች።»

«ስለ እናቱ ማን ጠየቀዎት?» ብሎ ወረደ።

ላንተም መልሴ ይኸው ነው። ሳይነኳት በመካከል የወደቀችን ኳስ ምት እላለሁ ያልከው ልክ ነው። ልማዱን አልወደውም። ጨርሶ አልወደውም። ሁለት ጎልማሳ ተፋጥጠው የጣሏትን ኳስ መቺው መታት ማለት ቀልድ ነው። ግን ሁሉም መዝጋቢ እንደዚያ ይጽፋል፣ እኔም ለሁሉም እንደዚያ ጽፌአለሁ፤ የሰው ልብ ማንበብ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለውም። ሃያ አራት ሰዓቱን ደግሞ ለመኝታ ነው የምጠቀምበት።

ሊንደን ምን አለሽ ብለህ ሦስት ጊዜ ጠይቀሃል። የነገረኝ አደራ ብሎ ነው፤ አደራ ደግሞ የሱቄ ዕቃ አይደለም። በዓይኔ ያየሁትን ግን ልንገርህ። ቡድኑ በአውቶቡስ ሲጓዝ መርፌና የቆዳ ማሰሪያ ይዞ ይሄዳል። ወደ ሱቁ የሚገቡ ሰዎች «ልጁ አለ?» ብለው ነው የሚጠይቁት፤ ከሦስት ከተማ ይመጣሉ። የሞተ ጓንት ያነሣል፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ይዳስሳል፣ ኳስ በየትኛው ጣቱ እንደሚይዝ ለባለቤቱ ይነግረዋል። ሲመታ አይቼዋለሁ፤ ጎበዝ ነው። ጓንት ሲሰፋ ደግሞ ያፏጫል። ሲመታ አያፏጭም።

ዛሬ 299 ላይ ነው። አንተ ወደ ላይ ትጎትተኛለህ። ወደ ታች የሚጎትተኝ ሌላ ሰው አለ። እኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ወገቤን ያመኛል። ሁለታችሁም እጃችሁን አንሡ።

ሚና


ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1956
ብራንት ፌሪ

ጠዋት፦ ምንም። ዓመቱ አለቀ፤ የእግር ኳሱ ዕቃ ገና አልገባም።

ወንድሜ ጉስ፣

በቴሌግራም የጠየቅኸው መልስ፦ 302። ከዚህ በኋላ ያለውን ተቀምጠህ አንብበው።

ትናንት፣ በሴፕቴምበሩ የሠራተኞች ቀን፣ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። ሊንደን 299 ይዞ ገባ። በመጀመሪያው ተራው አጥር ሥር የምትደርስ ንጹሕ ምት መታ። በሁለተኛው ሳተ። ደምሬ ሳካፍለው አራት መቶ ተራ፣ መቶ ሃያ ምት፤ ሦስት መቶ፣ ያለ ምንም ትርፍ። ቡርልም ደምሮ ነበር። ድምፁ እኔ ሳጥን ድረስ ይሰማል።

«ተቀመጥ! ከዚህ በኋላ መምቻ ብትነካ እጅህን ነው የምሰብረው!»

«አሠልጣኝ፣ እመታለሁ።»

«ሦስት መቶ ላይ ነህ፣ አንተ ጅል! ብትስት ትወርዳለህ።»

«አውቃለሁ።»

ይህ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ሲወራ ሰዉ ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሊንደን መምቻውን ይዞ ሲወጣ «ወንድ ማለት ይኼ ነው!» ሲሉ ነበር። ቁጥሩን በተቀመጠበት መጠበቅ አልፈልግም ያለ መሰላቸው። እኔ ግን ለጀግንነት እንዳልወጣ አውቅ ነበር። ሊስት ነው የወጣው።

ሁለተኛዋን ውርወራ መታት። መምቻው የሰነፍ ድምፅ አሰማ። ኳሷ ከሁለተኛ ቤዝ ጀርባ ወደ ሰማይ ወጣች፣ ያንተ የበቆሎ ቆርቆሮ። ሥሯ ሁለት ሰው ቆመ፣ የውስጠኛው ሜዳ ጠባቂም የውጪውም። «ያንተ ናት!» አለ አንዱ። «ኧረ ያንተ!» አለ ሌላው። ሣሩ ላይ ወደቀች። ሁለቱም ቆመው አይዋት፤ እባብ የሆነች ይመስል።

ሊንደን አንደኛ ቤዝ ላይ ደርሶ ወደ ሳጥኔ ቀና አለ። ከዚያ ሆኜ የሰው ፊት ጥርት ብሎ አይታየኝም፤ ራሱን ሲነቀንቅ ግን አይቻለሁ። አይሆንም እያለኝ ነው።

ምት ብዬ ጻፍኩ። ሳይነኳት ወደቀች። በጁን ለእንግዳው ቡድን መቺ፣ እዚያው ቦታ ላይ ለወደቀችለት፣ ምት ብያለሁ፤ ለሊንደን ሌላ ቃል የለኝም።

ዛሬ ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«አክስቴ፣ ሃያ አራት ሰዓቱ አላለቀም።»

በዚህ ጊዜ፣ ጉስ፣ ቁልፉን ወረወርኩት። «አባትህም ይህንኑ ነው የሚለኝ! በጋውን ሙሉ! እሱ ሃያ አራት ሰዓት አለሽ፣ አንተ ሃያ አራት ሰዓት አለሽ! እኔ የእናንተ የሰዓት ቤት ነኝ?»

«ስህተት ነበረች። አንቺም ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። አልወደውምም። ተጽፏል።»

«ከተጻፈማ መሄዴ ነው።»

«ማን አለ? ቁጥር እግር የለው፣ ተሸክሞ አይወስድህ። አንተ ልጅ፣ ከሜይ ጀምሮ ቁጥሩ ባንተ ፈንታ እምቢ እንዲልልህ ነው የምትጠብቀው። አባትህም ቁጥሩ በሱ ፈንታ እሺ እንዲልለት። እኔ የምጽፈው ኳስ የት እንደወደቀች ነው። ሌላውን አፍ ያለው ይናገር።»

«አባባን ታውቂዋለሽ።»

«በልጅነቱ ሽርጥ ሲለብስ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አይበላህም።»

የወረወርኩትን ቁልፍ አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ «ልስት ነበር እኮ» አለ። «ኳሷ መጣች፤ እጄ አልታዘዘኝም።»

«እጅህ ሐቀኛ ነው። አፍህም ይልመድ።»

«በደብዳቤ ቢሆንስ?»

ወረቀት ሰጠሁት። ሦስቱን ቀደደ፣ አራተኛው ከዚህ ጋር ታሽጓል። አላነበብኩትም። የመጀመሪያውን መስመር ግን ቃሉ ልክ እንደሆነ ንገሪኝ ብሎ አሰምቶኛል፦ «አባባ፣ ሦስት መቶ ሁለት መታሁ፤ ቁጥሩ ያንተ ነው፣ እኔ ግን እዚሁ አክስቴ ጋ ጓንት እየሰፋሁ እቀራለሁ።» አደራውም በዚህ አለቀ፤ በጋውን ሙሉ የደበቅኩህ ይኸው ነው። ስለደበቅኩህ ይቅርታ፣ ስለ ምቷ ግን ይቅርታ አልልህም።

ቀትር ላይ ቡርል የላይኛውን ክለብ መልእክት እያውለበለበ ገባ። ሊንደን እሱ ራሱ ነገረው። ቆሞ፣ ዓይን ዓይኑን እያየ።

«አብዷል እንዴ?» አለኝ ቡርል ወደ እኔ ዞሮ። «ሦስት መቶ ሁለት መትቶ ቆዳ ይሰፋል?»

«አንተ ስንት መትተህ ነው አሠልጣኝ የሆንከው?»

«ሁለት መቶ አርባ።»

«አየህ።»

የራሱን ጓንት ጥሎ ሄደ። የመሐል ጣቱ ተቀዷል፤ ለጥገና ነው።

አንተ ግን ምን እንደምትል አላውቅም። ልጁ ከሰዓቱን ሙሉ የፖስታውን ሳጥን ሲያይ ነበር፣ ደብዳቤው ገና ሳይሄድ። ብትቆጣ እኔን ተቆጣ፤ እኔ ለምጄዋለሁ። እሱን ግን ሳትመልስለት እንዳትቀር።

ሚና


ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1956
ባንጎር፣ ሜይን

እትዬ ሚና፣

ሁለቱም ደብዳቤዎች ደርሰዋል። የልጁን አራት ጊዜ አነበብኩት። ለሱ ለብቻው ጽፌአለሁ፣ ለዘገየሁበትም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ተናድጃለሁ። ይህን እንድታውቂው እፈልጋለሁ። አንዲት ኳስ ለመንኩሽ፤ ለምኜ ያላገኘሁትን እንደ እንጨት የቆሙ ሁለት ጠባቂዎች በነጻ ሰጡኝ፤ እሱ ደግሞ አይቶ ተወው። ምን ዓይነት ልጅ ነው?

ሰኞ ዕለት በመምህራን ክፍል 302 መታ ብዬ ተናገርኩ። እጄን ጨበጡኝ። «ከዚህ በኋላስ?» አሉኝ፣ «ወደ ላይኛው ሊግ ያልፋል» አልኩ። እራት ላይ የልጁን ደብዳቤ እንደገና አወጣሁት። ማክሰኞ ጠዋት ቀድሜ ገብቼ አስተካከልኩት፦ «ልጄ ጓንት ሰፊ ነው» አልኩ። ሃያ አራት ሰዓት አልሞላም ነበር።

አንድ ጥቅል ልኬልሻለሁ፣ የ1927 ጓንቴ ነው። ከዚያ ወዲህ አላጠለቅኩትም። ቆዳው ደርቋል። ይሰፋ እንደሆነ ልጁ አይቶ ይንገረኝ፤ አባቴ ነው ብሎ ግን እንዳይዋሽ።

ስለ በቆሎው ምዕራፉን ቀድጄዋለሁ። ግን እትዬ፣ ቆርቆሮው ሽርጤ ላይ ዱብ ሲል አሁንም ይሰማኛል። በቆሎ ካልነበረ ምን ነበር?

ጉስ


ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1956
ብራንት ፌሪ

ጠዋት፦ ሁለት የእግር ኳስ መለያ። ለጥገና ሦስት ጓንት፤ አንዱ በፖስታ፣ ከሜይን።

ወንድሜ ጉስ፣

ጥቅሉ በደህና ደርሷል። ገመዱን ለማሠር ግማሽ ቀን ሳይፈጅብህ አልቀረም፤ ለመፍታት እኛም ያንኑ ያህል ፈጅቶብናል።

ቀይ ሥር ነበር። የቀይ ሥር ቆርቆሮ። ከላይ ይቀመጥ የነበረው ማንም ስለማይገዛው ነው፤ አባታችን በዘንግ ያወርድልህ የነበረውም አንተ መቅለብ ስለምትወድ እንጂ ገዢ መጥቶ አልነበረም። መልሶ ይሰቅለውና እንደገና ያወርደዋል። እኔ ሂሳብ ላይ ተቀምጬ በሁለታችሁም እናደድ ነበር። አንድም ጥለህ አታውቅም። ይህን እንደ መዝጋቢ ነው የምነግርህ።

ሊንደን ጓንትህን ዓይኑን ጨፍኖ ዳሰሰው። በጠቋሚ ጣትህና በመሐል ጣትህ መካከል ነበር የምትይዘው አለኝ፤ ልክ ነው ወይ? ያለውን ቃል በቃል ልጻፍልህ፦ «መዳፉ ይድናል፣ አውራ ጣቱ አይድንም፣ አዲስ ቆዳ ይፈልጋል። መደርደሪያ ላይ ሊያስቀምጠው ከሆነ ባልነካው ይሻላል። ሊጫወትበት ከሆነ እሰፋዋለሁ። የትኛው እንደሆነ ይንገረኝ።» ስለዚህ መልስ ጻፍ። ዘመድ ነው ተብሎ ወረፋ አይዘለልልህም፤ ከፊትህ አሥራ አንድ ሰው አለ።

ያንተን ደብዳቤ አላሳየኝም። አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰና ማፏጨት ጀመረ። ዜማ አያውቅም፤ ለዚህም አንተን ነው የምወቅሰው።

ለኮርዴሊያ ሰላምታ።

ሚና

ነገ፦ አናጺው ጋ መሄድ። ሁለተኛ የመስፊያ ጠረጴዛ ማዘዝ፤ ቁመቱ ለረጅሙ ለሊንደን።